እጅ ያላወቀው አምባር

አልሰጥም ያለችው አንዲት ማኅተም ነበረች፤ ከትንሽ ጣት የማትረዝም፣ ጫፏ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቅጠል የተቀረጸባት የብረት ማኅተም። ሌላውን ሁሉ ሰጥታለች። ሰፊውን የሥራ ቤት ልቀቂ ሲሏት ብረት የምትቀጠቅጥበትን መስፏን አሸክማ ወጥታለች፤ ልጅዋ «እኔስ በቃኝ» ስትላት መርቃ ሸኝታለች፤ ደንበኞቿ አንድ ባንድ ሲርቁ የማንንም እግር አልያዘችም። ማኅተሟን ግን አንድ ማሕፀን የተጋራት ወንድሟ በሚንቀጠቀጥ እጁ ቢለምናት እንኳ አልሰጠችም። በዚህ እምቢታ ማን ተጠቀመ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሚጠራ ሰው አይገኝም።

የሰፈሩ ሰው እትዬ መዶሻ ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና በልጅነቷ፣ ከአባቷ ወናፍ አጠገብ ቁጭ ብላ የመዳብ ቁራጭ እየቀጠቀጠች ባደገችበት ዘመን ነው። ባሏ ልጃቸው ጡት ሳትጥል ትቷት ሲሄድ፣ «መዶሻ አግብቼ እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ነበር ይባላል። ዕድሜዋ ስድሳን ሲሻገርም ስሙ አልሸሻትም፤ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሎ፣ ዐይኗ በመነጽር ተከልሎ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ከጠረጴዛዋ አትነሣም። የመነጽሯ እጀታ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። «የሰውን ሁሉ ጌጥ በወርቅ እየጠገንሽ የራስሽን በመዳብ?» ሲሏት፣ «መነጽሬ መቼ ሙሽራ ሆነና» ትላለች።

ጠረጴዛዋ በተቀመጠችበት በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቦረቦረ ነው። ከሥሩ የቆዳ ሽርጥ ተወጥሯል፤ ከሞረዷ የሚረግፈው የወርቅ ብናኝ እዚያ ይጠራቀማል። ወለሉ በእንጨት ርብራብ የተሸፈነ ነው፤ ከርብራቡ ሥር ያለው አቧራ እንኳ ሳይጣራ አይጣልም። በወርቅ አንጥረኛ ቤት የሚባክን ነገር የለም፤ ከዕድሜ በቀር።

አባቷ ሊሞት ሲል ሁለቱንም ልጆቹን ወደ አልጋው ጠርቶ ነበር። በእጁ የተባው ወንድሟ ነው፤ እርሷ አንድ ጉትቻ እስክትጨርስ እርሱ ጥንዱን ሠርቶ ሌላ ይጀምራል። አባታቸው «ጥድፌ» ብሎ ያወጣለት ስም ከቁልምጫም ከወቀሳም የተቀላቀለ ነበር። ሰውዬው ታዲያ ማኅተሙን ከትራሱ ሥር አወጣና በሴት ልጁ መዳፍ ላይ አኖረው። ወዲያው ፊቱን ወደ ወንድ ልጁ መልሶ፣ «ያንተ እጅ ፈጣን ነው፣ ልጄ። ማኅተም ግን ከታሰበ በኋላ ነው የሚመታው» አለው።

ጥድፌ ሣቀ። «እሰይ፤ እኔ ደግሞ የቅጠል ጠባቂ ልሆን ነበር እንዴ?» አለ። ሣቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እኅቱ ያንን አይታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳች ነገር የነጠቀችው ይመስል፣ ፊቱን ባየች ቁጥር ልቧ ይሰቀቅ ጀመር።

የማኅተሙ ትርጉም አንድ ነው። አባቷ ባለቤቱን በዐይኑ ያላየውን ወርቅ አያትምም ነበር። የተሰበረ ሐብል፣ የጎበጠ ቀለበት፣ ከእናት የወረደ አምባር ይዞ የመጣ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ «የእኔ ነው» ሲል፣ ያ ወርቅ ይቀልጣል፤ አዲስ ጌጥ ሆኖም ቅጠሏ ትመታበታለች። ፈርጡም እንደዚያው ነው። ሰንፔሩም መረግዱም ከአሮጌ ጌጥ ተነቅሎ፣ ጠርዙ ተወልውሎ ይመለሳል እንጂ፣ ከየት እንደተቆፈረ የማይታወቅ ድንጋይ በዚያ ቤት አይሰካም። አባቷ ለዚህ ሁሉ ስም አላወጣለትም፤ ዝም ብሎ የቤቱ ሥርዐት ነበር።

ስሙ በኋላ መጣ። ዓለም ከጌጡ ጋር የኅሊና ዕረፍትም መሸመት በጀመረበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ የንግድ ቤት ወኪሉን ላከባት። ወኪሉ ድምፁ የለሰለሰ፣ ጫማው የማይሰማ፣ «በኃላፊነት የተሠራ ጌጣጌጥ» የምትለውን ሐረግ እንደ ጸሎት የሚደጋግም ሰው ነበር። ከየቀለበቱ ጋር የምትሄድ ትንሽ ካርድ አሳያት። «ይህ ጌጥ ከአሮጌ ወርቅ የተሠራ ነው። ለእርሱ ሲባል አዲስ ጉድጓድ አልተቆፈረም፤ ወንዝ አልተመረዘም፤ የሰው ጤና አልተጎዳም» ትላለች ካርዷ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ይህንኑ ሲሠሩ የኖሩ ነዎት» አላት።

«እኔ ቀለበት ነው የምሠራው» አለችው። «ጉድጓዱንና ወንዙን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እንግዲያው ቅጠሏን ከካርዱ ላይ እናስፍራት። ሥራ ቤቱንም ሰፋ ያለ እንሰጥዎታለን።»

ከአጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ፈርጥ የምትሰካው ብቸኛ ልጅዋ በእግሯ ጎነጠቻት። እትዬ መዶሻ ካርዷን ገልበጥ አድርጋ አየቻት፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። እሺ አለች።

ሥራው በዛ፤ በየደጁ እየመጣ የሚቀልጠው አሮጌ ወርቅ ግን አነሰ። ያን ጊዜ ነው ጥድፌ የመጣው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ከአንጥረኝነቱ ወጥቶ፣ አንዴ ሲነግድ አንዴ ሲደልል፣ ያልገባበት ጉድጓድ አልነበረም።

«እታለም፣ በየቤቱ ዞሬ አሮጌ ወርቅ ልሰብስብልሽ» አላት።

«ባለቤቱን ሳላየው?»

«እኔ አየዋለሁ። የእኔ ዐይን ያንቺ ዐይን አይደለም እንዴ?»

የአባቷን ሥርዐት የጣሰችው ትርፍ አጓጉቷት አልነበረም። ያ ከጥርሱ ያላለፈው ሣቅ እንደ እሾኽ ተሰክቶባት ስለኖረ፣ አሁን የምትነቅልበት ቀን የመጣ መሰላት። «እንግዲህ ዐይንህን ጠብቅ» አለችው። እርሱም ከልጅነታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሯን ሳማት።

መጀመሪያ ያመጣቸው የደንቡ ነበሩ፤ መንጠቆው የጠፋ ጉትቻ፣ የተበጠሰ ሐብል፣ ጌታውን የከዳ ቀለበት። ቀስ በቀስ ግን ከረጢቱ በአምባር ብቻ ይሞላ ጀመር፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ መክፈቻ የሌለው አምባር። በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ስትጭረው የሚተወው መሥመር ቢጫ ነው፤ አሲድ ስታንጠባጥብበትም አይጠፋም። ወርቅነቱ አያጠራጥርም። መፈተኛው ድንጋይ የወርቁን ጥራት ይናገራል እንጂ የመጣበትን መንገድ አይናገርም።

እዚህ ላይ የሠራችውን ስሕተት ደካማ አንጥረኛ አይሠራውም፤ በእጁ የሚኮራ ብቻ ይሠራዋል። አምባሮቹ አስጠሏት። ከረጢቱ በተፈታ ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች።

«ይህን የሠራው ሰው ምን ያለ ነው? መዳፍ ነው ያለው ወይስ ሰኮና?»

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ» ትላለች ልጅዋ። «አቅልጪውና ይለይልሽ፣ እማዬ።»

«ሞረድ የሚባል ነገር ባገሩ የለም እንዴ? እንዲህ ያለውን አድርጋ ሠርግ የሄደችዋ ደግሞ ማን ትሆን?»

ያልተዋጣለት ሥራ ለአፍታ እንኳ ከፊቷ ተቀምጦ ማየት ስለማትወድ፣ ሁሉንም አፍሳ ወደ ማቅለጫው ሸክላ ትጨምረዋለች። ሰው የጠላውን አጥብቆ ያያል ይባላል፤ እርሷ ግን ጠልታው ሳታየው ቀረች። መጥፎ ሥራ መስሏት የናቀችው ነገር ከናካቴው ሥራ አለመሆኑን፣ ማንም ይልበሰው ተብሎ እንዳልተሠራ ኩራቷ ጋረደባት። ከረጢት በከረጢት ላይ ቀለጠ፣ ተሠራ፣ ታተመ፤ ቅጠሏም ከካርዷ ጋር ወደማታውቃቸው ጣቶች ሄደች።

አንድ ቀን የማቅለጫው ጋዝ አለቀ። አዲሱ ሲሊንደር እስኪመጣ ድረስ አምባሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ዋሉ። ልጅዋ ሥራ ፈትታ አንዱን አነሣችና ወደ እጇ አስጠጋችው።

«እማዬ፣ ይሄ እጄ አይገባም።»

«ወፍረሻላ።»

«እስቲ አንቺ ሞክሪው።»

የእትዬ መዶሻ እጅ እንደ ጭራሮ የቀጠነ ነው፤ አምባሩ ግን አውራ ጣቷ ሥር ሲደርስ ቆመ። በሳሙና አሟለጩት፤ አልገባም።

«የሕፃን ይሆናል» አለች ልጅዋ።

«ይህን የሚያህል? ሕፃኑ ነው እርሱን የሚሸከመው ወይስ እርሱ ነው ሕፃኑን?»

ሁለቱም ሣቁ። እናትየው እየሣቀች ሁለተኛውን አነሣች፤ ሦስተኛውን ስታነሣ ሣቋ ቀረ። አንዱም እጅ የሚያስገባ አልነበረም። መነጽሯን አስተካክላ ውስጣቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። ሰው የለበሰው አምባር ውስጡ ከቆዳ ጋር ሲተሻሽ ኖሮ እንደ ምላስ ይለሰልሳል፤ በየስርጉዱ የላብና የሳሙና እድፍ ይይዛል። እነዚህ ግን በውስጥም እንደ ውጩ ሻካሮች ናቸው። በእያንዳንዱም ላይ፣ በዚያው በአንድ ቦታ፣ አንዲት ቀጥ ያለች ጠባሳ ታልፋለች፤ የውኃ ቧንቧ ብየዳ የምትመስል ጠባሳ። ከየቤቱ የተለቀመ የተባለው ወርቅ ሁሉ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነበር።

«ምን ሆንሽ፣ እማዬ?»

«እጅ አያውቀውም» አለች። «ይህ ወርቅ እጅ አያውቀውም።» ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

የጥድፌ ቤት ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ባለሁለት ክፍል ነው። ሚስቱ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ «እትዬ፣ በደኅና ነው?» ብላ በእርጥብ እጇ ተቀበለቻት። ጥድፌም ከጓዳ ወጥቶ እጁን ዘረጋ። እኅቱ ያን እጅ ይዛ አልለቀቀችውም። በጣቱ ላይ ያለው የጋብቻ ቀለበት፣ ራሷ የሠራችለት የጥሩ ወርቅ ቀለበት፣ እንደ ቆርቆሮ ነጥቷል። ባዜቃ፣ ያ እንደ ቀለጠ ብር የሚንከባለለው መርዝ፣ ወርቅን ሲነካው እንዲያ እንደሚያነጣው ለአንጥረኛ ልጅ አይነገረውም። እጁም በእጇ ውስጥ፣ እንደተያዘች ወፍ፣ ይርገበገባል።

«መጠጥ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«እጅህ። ስንት ጊዜ ተው ብዬ ተቆጣሁህ።»

«ቁጭ በዪ እንጂ፣ እታለም። ቆሞ ክስ ይነበባል?»

አልተቀመጠችም። ገፍታው ወደ ጓዳ ገባች። አንድ የብረት መጥበሻ ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ ጎረቤት ጢሱን እንዳያይ መስኮቱ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ጥግ ላይ አሸዋ የተሞላ ገንዳ አለ፤ ከአሸዋው ላይ የተቆረጠ የውኃ ቧንቧ ተጋድሟል። ከመጋረጃው ማዶ ደግሞ ባልና ሚስቱ የሚተኙበት አልጋ ነው።

ጥድፌ ከኋላዋ ቆሞ፣ ካወቅሽስ ምን እደብቃለሁ በሚል ድምፅ ነገራት። በወንዙ ዳር የሚቆፍሩ ሰዎች ከባዜቃ ጋር ለውሰው ያጣበቁትን ወርቅ ይሸጡለታል። እርሱ በዚህ መጥበሻ ያቃጥለዋል፤ ባዜቃው ይተንናል፤ ወርቁ ይቀራል። የቀረውን አቅልጦ በአሸዋው ውስጥ የአምባር መልክ ይሰጠዋል።

«ተንኖ የት ይሄዳል?»

«ወደ ሰማይ ነዋ።»

«ሰማይህ ይሄ ጣራ ነው?»

እኅቱ ወደ አሸዋው ገንዳ ዞረች።

«አምባር ማድረግህስ ምን የሚሉት ነው?»

«ጥሬ ወርቅ ይዤ ብመጣ ታትሚልኝ ነበር?» አላት። «በየቤቱ ያለው አሮጌ ወርቅ ካለቀ ቆየ እኮ፣ እታለም። ይህን ወኪሉም ያውቃል፤ ከወኪሉ በላይ ያለውም ያውቃል። አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው። ቅጠልሽ የተወደደችውም አንቺ ስለማታውቂ ነው።»

እትዬ መዶሻ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ስትቀመጥ የያዘችው የአልጋውን ጠርዝ ነበር፤ ምን እንደያዘች ስታይ እጇን አነሣች።

«ተወው» አለችው። «ዛሬውኑ ተወውና ከእኔ ጋር ግባ። ጠረጴዛ እሰጥሃለሁ፤ እጅህ ከእኔ ይሻል የለ?»

«ይሻል ነበር። አሁን መርፌ አያስገባም።» ጣቶቹን ዘርግቶ አሳያት፤ ሣቀም። «ደግሞስ ገብቼ ምን ልሁን? አንቺ ማኅተም ስትመቺ መዶሻ ላቀብልሽ? አንድ ዓመት ብቻ ዝም በዪኝ። አንድ ዓመት፤ ከዚያ እንኳን ባዜቃ፣ ወርቅም በዐይኔ አላይም።»

«አንድም አላትምልህም።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እየተባልኩ ያደግሁት እኔ ነበርኩ» አላት። «ዛሬ ግን አንቺ ቸኮልሽ።»

በማግሥቱ ወደ ንግድ ቤቱ ሄዳ ለወኪሉ ሁሉን ነገረችው። ወኪሉ ተነሥቶ በሩን ራሱ ዘጋው፤ ድምፁ እንደ ወትሮው የለሰለሰ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ነገር ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን ደግሞ አንተ።»

«እኔ ገና አልሰማሁም።»

«እንድገመው?»

«የለም፣ አይድከሙ። ወርቁ ወርቅ ነው፤ ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ ገዢው ደስ ብሎታል። የተሸጠ ቀለበት ደግሞ ከሰው ጣት ላይ አይለቀምም። ከከበደዎት አንድ መላ አለኝ፤ ማኅተሙን ለቤቱ ይስጡት። እኛው እናትማለን፤ እርስዎም አላዩ፣ አልሰሙ። ስምዎና ሥራ ቤትዎ እንደተጠበቀ ይቆያል።»

«ማኅተሙን?»

«ብረት እኮ ነው፣ እትዬ።»

«አይ፣ ልጄ» አለችው። «ብረት ቢሆንማ በብረት ሠራተኛ ባስቀረጻችሁት ነበር።»

በመንገዷ ላይ ባለች መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት የእርሷን ቀለበት ታደርጋለች። እትዬ መዶሻ ከዚያ ሁሉ ሩቅ ጣት መካከል የምታውቀው ያንን ብቻ ስለሆነ፣ ጎራ ብላ እውነቱን ነገረቻት፤ ቀለበቱ ካርዱ እንደሚለው አይደለም፣ ብትፈልጊ ቅጠሏን በሞረድ ላጥፋልሽ አለቻት።

ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ቀለበቱን አየችው። «ወርቅ ነው አይደል?»

«ወርቅስ ወርቅ ነው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ቅጠሏንማ አትንኪብኝ፤ የወደድኩት እርሷን ብዬ ነው» አለችና ለቀጣዩ ሰው የሳል ሽሮፕ ልታወርድ ዞረች።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ቁልቁለት ነበር። ሰፊው ሥራ ቤት የንግድ ቤቱ ነውና አስለቀቋት፤ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጀርባ፣ መስፏን አስገብታ አልጋዋን ካስገባች መቆሚያ የማይተርፍባት ክፍል ተከራየች። ካርዷ አልተቋረጠችም። ከመንገዱ ማዶ ያለ አንጥረኛ የስንዴ ዘለላ የምትመስል ማኅተም አስቀርጾ የእርሷን ቦታ ያዘ። ልጅዋም መሣሪያዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ አንድ ጧት ከፊቷ ቆመች።

«እዚያ ነው የምገባው፣ እማዬ።»

«አውቄያለሁ።»

«የሚቀልጠው ያው የአጎቴ ወርቅ ነው። አንቺ ስላልነካሽው አልጠፋም። ትናንት ላንቺ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ለእነርሱ ይመጣል። ልዩነቱ አንቺ ጾምሽን ማደርሽ ነው።»

«አውቄያለሁ አልኩሽ እኮ። እጅሽን ይባርከው፤ ሂጂ።»

ልጅየዋ ክርክር ጠብቃ ስለመጣች ምርቃቱ የባሰ አናደዳት። «አንዳንዴ እንኳ ብትሳሳቺ ምን አለበት?» ብላ ወጣች። እናትየው በሩን እያየች ቀረች። ተሳስታ አልነበረም እንዴ ከዓመት በላይ፣ ያውም እየሣቀች?

ጥድፌ ደግሞ የቅጠሏን ማኅተም ያጣ ወርቁን ለስንዴው ሰው በርካሽ ይሸጥ ጀመር። በርካሽ የሸጠ ሰው ብዙ መሸጥ አለበት፤ ብዙ ሊሸጥም ብዙ ያቃጥላል። መጥበሻው ቀድሞ አልፎ አልፎ ይጣድ እንዳልነበር አሁን ከምድጃው አይወርድም ሆነ። እኅቱ ደጋግማ ሄደች፤ መስኮቱን የጠቀጠቀውን ጨርቅ መንጥቃ ጣለች፤ መጥበሻውን አንዴ ሰርቃ ወደ ገደል ወረወረችው። በማግሥቱ ሌላ መጥበሻ ተጥዶ አገኘች። ድዱ ይደማ ጀመር፤ ቃል እየጠፋበት መሐል ላይ ይቆማል፤ ዱሮ ሣቂታ የነበረው ሰው በትንሹ ይቆጣል፣ ወዲያው ደግሞ ያለቅሳል። ያየው ሐኪም ወደ ሰውነቱ የገባው መርዝ ከእንግዲህ የሚወጣ አይመስለኝም ብሎ ለሚስቱ ነገራት።

ሚስቱ ያንን ሰምታ በቀጥታ ወደ እትዬ መዶሻ ክፍል መጣች። ቁጭ በዪ ብትባልም አልተቀመጠችም፤ ከመስፉ ማዶ ቆመች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ አንቺ ግን የራስሽንም አሳረርሽ፣ የእኛንም ደፋሽው» አለቻት። «ብታትሚለት ኖሮ በደኅና ዋጋ ሽጦ በዓመቱ ይተወው ነበር። እምቢ አልሽ፤ በርካሽ ሸጠ። በርካሽ ሲሸጥ እጥፍ አቃጠለ። ባዜቃ አይደለም እጁን የበላው፣ እትዬ። ያንቺ እምቢታ ነው።»

እትዬ መዶሻ ሐሰት ነው ልትል አፏን ከፈተች። ነገሩን ከጫፉ እስከ ጫፉ በልቧ ሄደችበት፤ የሚበጠስበት ቦታ አጣች። ሴትዮዋ ስትናገር የእርሷም ከንፈር እንደ ባሏ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ያን ጊዜ የተከፈተ አፏን መልሳ ገጠመችው።

«ዝም ነው መልስሽ?»

«ምን ልበልሽ፣ እኅቴ? ልክ ነሽ።»

«ልክ ከሆንኩ አትሚለታ።»

የእትዬ መዶሻ እጅ ግን ወደ ማኅተሙ አልሄደም። ሴትዮዋ እያለቀሰች ወጣች።

ክረምቱ ሲገባ ጥድፌ አልጋ ያዘ። ስኒ ወደ አፉ ማድረስ አቃተው፤ ከማቃጠሉም ከመሸጡም አረፈ፤ ዕረፍቱ ግን ዘግይቶ የመጣ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኅቱን አስጠራት። ስትገባ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተደግፋ ቆማለች። እርሱ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ እንደ ሰም ቢጫ ሆኗል። ብርድ ልብሱ ላይ የመጨረሻዎቹ አምባሮች ተደርድረዋል።

ንግግሩ እየተጎተተ ነበር የሚወጣው፤ የነገራት ግን ግልጽ ነበር። ወኪሉ መጥቶ እንደነበር፣ አሁንም የድሮዋን ቅጠል ስሟን ጠርተው የሚጠይቁ ገዢዎች እንዳሉ፣ ይህን የመጨረሻውን ቅጠሏ ከተመታችበት በሙሉ ዋጋ እንደሚወስደው ነገራት።

«ለእኔ አይደለም» አላት። «ለእርሷ ነው። እኔ ስሞት መጦሪያ የላትም። ይህ ወርቅ ተቃጥሎ አልቋል፣ እታለም፤ ባዜቃው እዚህ ገብቷል።» ደረቱን ነካ። «ብታትሚው የማቃጥለው አዲስ ነገር የለም። ባታትሚው አልድን። ታዲያ አሁን ብትመቺው ማንን ትጎጃለሽ? ንገሪኛ፤ ማንን?»

ደጃፉ ላይ ያለችው ሚስቱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

«አባባ ያን ቀን ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ አንቺን ይህን ያህል አለምንሽም ነበር» አለና መዳፉን ዘርግቶ ከፊቷ አኖረው። መዳፉ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ይፈራገጥ ነበር። እኅቱ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጣቶቹን አንድ ባንድ አጠፈችለት፤ እንዲህም አለችው፦

«ማንንም አልጎዳም፣ ወንድምዓለም፤ ልክ ነህ። ባትምልህ የሚሞት አዲስ ሰው የለም፤ ባላትምልህም የሚድን የለም። አንተ አትድንም፣ ወንዙም አይጠራም፣ እነዚያም መቆፈራቸውን አይተዉም። ሚስትህን ወደ እኔ እወስዳታለሁ፤ ያለችኝን አንዲት ክፍል፣ ያለችኝን አንዲት ጉርሻ እኩል እንካፈላለን። አንተን ደግሞ ነፍስህ እስክትወጣ ድረስ በዚህ እጄ አጎርስሃለሁ፣ በዚህ እጄ አጥብሃለሁ። ቅጠሏ ግን የምታውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ‹ይህ ወርቅ ሰው አልበላም› ነው የምትለው። አንተን ሲበላህ ከአጠገብህ ተቀምጬ እያየሁ ያንን አልልም። ይጠቅማል ብዬ አይደለም፤ ለማንም አልጠቀመም፣ ለእኔም አልጠቀመም። ብትረግመኝ እርግማንህን እቀበላለሁ፤ አባባ ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ ምቺ ቢለኝም አልመታም።»